የአባባ ቶሎሳ ነጥብ

ጥፋቱ የኔ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ታሪኩ መሐል ላይ ስደርስ ራሴን ለማዳን ወዲያ ወዲህ ማለቴ እንደማይቀር ስለማውቅ ነው። እናንተም እዚያ ስትደርሱ “ልጆቹ ናቸው ያጠፉት” ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም ለሁለት ሰዓት ያህል እንደዚያ ስል ቆይቻለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ልበለውና ይውጣልኝ።

ያኔ አቃቂ ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር፤ ሦስተኛ ዓመቷ ላይ ያለች መምህርት ደግሞ ሁሉን ያወቀች ይመስላታል። በዚያ ላይ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። በተለይ ሳስተምር ሲያንቀላፉብኝ ደሜ ይፈላል።

ልጆቹ ደግሞ “የአየር ንብረት ለውጥ” የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ይተኛሉ። ሰሌዳው ላይ “መንስኤዎች” ብዬ ስጽፍ የኋላው ረድፍ ያንቀላፋል፤ “ውጤቶች” ብዬ ስጽፍ መሐለኛው ይከተላል። አንድ ቀን አንዷን ቀስቅሼ “የአየር ንብረት ለውጥ ምንድን ነው?” ብላት ዓይኗን እያሻሸች “ፈተና ላይ የሚመጣ” አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልጅቷ የተናገረችው እውነቷን ነው፤ እኔ ያስተማርኳት ይህንኑ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ አጭር ሥልጠና ላይ መምህራንን በባቄላና እየተወረወረ ቁጥር በሚያወጣ ዳይ ሲያጫውቱን ዋሉ። ከዚያ ተነስቼ የራሴን ጨዋታ ፈጠርኩ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ወንዛችንን በጠመኔ ሳልኩት። ዳርና ዳሩን የለስላሳ ቆርኪ ደረደርኩ፤ ቆርኪዎቹ ቤት ናቸው። ልጆቹ አራት አራት እየሆኑ አንድ አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ። ዳዩ የዝናቡን መጠን ይናገራል፤ ካርድ ሲስቡ ደግሞ “ቦዩ ተጠረገ” ወይም “ከላይ ያለው ዛፍ ተቆረጠ” ወይም “ሜዳው ሁሉ ሲሚንቶ ሆነ” የሚል ይወጣላቸዋል። ውኃው ሲሞላ የደረሰበትን ቤት እኔ በቀይ ጠመኔ ኤክስ አደርግበታለሁ። የተረፈ ነጥብ ያገኛል።

ማመን አቃተኝ። ያ ሁሉ እንቅልፋም እየተጋፋ፣ “ቲቸር፣ እኛ ዛፍ አልቆረጥንም፤ እነሱ ቆርጠው ለምን እኛን ውኃ ይወስደናል?” እያለ ይሟገተኝ ጀመር። ይህን ጥያቄ በሦስት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላገኘሁትም። ልቤ አበጠ። ያበጠ ልብ ደግሞ የት እንደሚያደርስ አሁን ታያላችሁ።

ግንቦት ሊወጣ ሲል፣ አንድ ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ “ጨዋታውን ወደ ሰፈር እናውጣው” አልኳቸው። እያንዳንዱ ቡድን ወንዙ አጠገብ ወዳሉ አሥር ቤቶች ይሄዳል። የአባወራውን ስም፣ የሰዉን ብዛት ይጠይቃል። ውኃ እስከ የት ደርሶ እንደሚያውቅ ይጠይቅና ግድግዳው ላይ በቀይ ጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ለቤቱም ዝግጁነት ከአሥር ነጥብ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ፣ ከራሴ ብልጠት የመነጨች አንዲት ነገር ጨመርኩ፤ ቀድሞ ለጨረሰ ቡድን አምስት ነጥብ። ይህቺን አምስት ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ዘፍዝፌ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም።

“ቲቸር፣ ሃያት ነኝ። በአባዬ ስልክ ነው።”

ሃያት የአንደኛው ቡድን መሪ ናት። ከክፍሉ ሁሉ አፏ ፈጣን ነው፤ እግሯም እንደዚያው። አባቷ ሰይድ ከወሎ መጥቶ አቃቂ የከተመ፣ በራሱ አይሱዙ ጭነት የሚያመላልስ ሰው ነው።

“ምነው፣ በሰላም ነው?”

“አባባ ቶሎሳ ቤታቸውን እያፈረሱ ነው።”

“አባባ ቶሎሳ ማናቸው?”

“ሦስተኛው ቤት። ትናንት ምልክት ያደረግንበት።”

“ታዲያ ቤታቸውን ቢያፈርሱ እኛን ምን አገባን?”

ሃያት ቀስ ብላ ስትናገር ያን ቀን ነው የሰማሁት።

“ቲቸር፣ ጠመኔው አልቆብን ነበር። በቀለም ነው የቀባነው። የአባዬ መኪና ቀለም። ቀዩን።”

“መስመር ነው የቀባችሁት?”

“ኤክስ። በራቸው ላይ።”

ሳፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። በከተማችን በር ላይ የተቀባ ቀይ ኤክስ ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ያ ቤት ሊፈርስ ነው ማለት ነው። መዝገብ የያዘ ሰው ይመጣል፣ የአባወራ ስም ይጠይቃል፣ የቤተሰብ ብዛት ይጽፋል፣ ይቀባል፣ ይሄዳል። እኔ ልጆቼን አሰልጥኜ የላክኋቸው ልክ እንደዚያ አድርጌ ነው።

“አባትሽ አላስቆሟቸውም?”

“አባዬ እየለመናቸው ነው። እሺ አላሉም። ቲቸር፣ ልጃቸው ጫልቱ ደግሞ ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ሕፃኑም እሷም ውስጥ ናቸው።”

በመስኮቴ አየሁ። ወደ አቃቂ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ታክሲው ሁለት ሰው ጎድሎት ቆሟል። ረዳቱ “የሞላ፣ የሞላ” ይላል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን አይመጡም። በመጨረሻ ስንነሳ መንገዱ በከባድ መኪና ተጨናንቋል። መስታወቱን ተደግፌ በሐሳቤ የመከላከያ ንግግር አዘጋጃለሁ። ጠመኔ ነው ያልኩት፣ ቀለም አላልኩም። ጠይቁ ነው ያልኩት፣ ቀቡና ሩጡ አላልኩም። ንግግሩ እያማረልኝ ሲሄድ አንዲት ጠብታ መስታወቱ ላይ ወደቀች። አንዲት ብቻ ናት፤ ግን ንግግሩ ሁሉ ጠፋብኝ። አራስ ሴት ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ ተኝታለች። ሌላው ወሬ ነው።

ሃያት መንገድ ዳር ጠብቃኝ እየሮጥን ወረድን። ወንዙ ዳር የጭቃ ቤቶች ተደርድረዋል። ሦስተኛው በር አረንጓዴ ነው፤ እሱ ላይ በጉልበት ከፍታ ቀይ ኤክስ ተቀብቷል። ቤቱ አናት ላይ አንድ ቀጭን ሽማግሌ የግንብ ጠርዝ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ተረጋግተው ተቀምጠዋል። ሚስማር እየነቀሉ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። የነቀሏቸው ቆርቆሮዎች መሬት ላይ ተደራርበው በገመድ ታስረዋል። ከአሥራ አራቱ ጣሪያው ላይ የቀሩት አምስት ናቸው።

ሰይድ መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ያያል። “አባባ፣ መምህርቷ መጣች። በአላህ ይውረዱ።”

“እኔ መምህር አልጠራሁም” አሉ፤ ቀና ሳይሉ።

“አባባ፣ እንደምን አደሩ” አልኩ። “ምልክቱ የመንግሥት አይደለም። ተማሪዎቼ ናቸው ያደረጉት። ጨዋታ ነው።”

“ጨዋታ።” አንድ ሚስማር ጣሳው ውስጥ ጣሉ። “ስሜን የጻፉት ለጨዋታ ነው?”

“አዎ አባባ።”

“ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ ያሉኝም ለጨዋታ ነው?”

“አዎ።”

“ስለ ምንድን ነው ጨዋታው?”

“ስለ ጎርፍ። ወንዝ ዳር ያሉ ቤቶች አደጋ ላይ ስለሆኑ…” አልኩና አፌ ላይ ቆመ። የምለው ሁሉ መዝገብ ይዞ የሚመጣው ሰው የሚለውን ነው።

“ያኔም እንዲሁ ነው ያሉኝ” አሉ አባባ ቶሎሳ።

ከዚያ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ነገሩኝ። በፊት እዚሁ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። ከተማው እየሰፋ መጣ፤ እርሻው ቀረና የአንድ መጋዘን ጥበቃ ሆኑ። የመጀመሪያው ቤታቸው ላይ ቀይ የተቀባ ጊዜ፣ አፍራሾቹ አይመጡም ብለው ተቀመጡ። መጡ። ማሽኑ ቆርቆሮውን ጨማድዶት አንድ እንኳ የሚረባ አልተረፈም። የሚስታቸው ሣጥን ሳይቀር ውስጥ ነበር።

“አሁን ግን በእጄ ነው የማወርደው” አሉ። “ማንም አያጣምምብኝም። ደግሞ ዘንድሮ ልጅ ላኩ። ከልጅ ጋር ማን ይጣላል ብለው ነው።”

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስጽፍ አፍራለሁ። ሽማግሌውን ማሳመን ሲያቅተኝ ወደ ሃያት ዞርኩ።

“ማነው ኤክስ ያለሽ?”

“ቲቸር፣ ሜዳው ላይ ውኃ የደረሰበትን ቤት ኤክስ ያደረጉት እርስዎ ነዎት።”

“እሺ፣ ውኃው የት ደርሶ ነበር ብላችሁ ለምን አልጠየቃችኋቸውም? ጠይቁ አላልኩም?”

“ብለዋል። ግን ቀድሞ ለጨረሰ አምስት ነጥብም ብለዋል። አባባ ሲያወሩ ቀስ ብለው ነው፤ የሌላው ቡድን እነ ናሆም ሊቀድሙን ነበር።”

ይኸውላችሁ፣ አምስቷ ነጥብ።

ከውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ። መላ ስላጣሁ ገባሁ። ከራሴ በላይ ሰማይ ነው። አልጋው ላይ ጫልቱ ሕፃኑን በደረቷ ሸፍና ተጋድማለች፤ ከላይዋ በሁለት እንጨት የተወጠረ ቀጭን ላስቲክ አለ። ባሏ ለግንባታ ሥራ ክፍለ ሀገር እንደሄደ ሃያት መንገድ ላይ ነግራኛለች።

“መምህርቷ አንቺ ነሽ?” አለች ቀስ ብላ። “ዝናቡ ሳይመጣ አባቴን አስቁሚልኝ። እኔ የምሄድበት የለኝም።”

“አላመኑኝም።”

“እሱ ሰው አያምንም። ቆይ፣ ምን ብለው ነው የጻፉብን?”

እኔም ያላየሁት ነገር ነበር። ሃያትን ጠራሁና ደብተሩን ለጫልቱ ሰጠቻት። ጫልቱ ሕፃኑን በአንድ ክንዷ አቅፋ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

“ቤት ሦስት። አባባ ቶሎሳ። የሰው ብዛት፣ ሦስት፤ ግን አንዱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሁለት ተኩል። አልጋው ከፍ ያለ ነው፤ ጎበዝ። ዶሮ፣ አራት። አንዷ አባራናለች። ነጥብ፣ ስድስት ከአሥር። ማስታወሻ፣ ዶሮዋ ባታባርረን ሰባት እንሰጣቸው ነበር።”

መጨረሻውን ማንበብ አቃታት። ሳቅ ያዛት። ሆዷን በእጇ ደግፋ፣ “ወይኔ፣ ያመኛል” እያለች ሳቀች።

ከላይ የሚስማሩ ድምፅ ቆመ።

“ምን ያስቅሻል?” አሉ አባባ ቶሎሳ።

“አባዬ፣ ሁለት ተኩል ሰው ናችሁ ተብለናል።”

“ምን?”

እንደገና አነበበችላቸው። የዶሮዋ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። በጣሪያው ክፍተት ፊታቸው ብቅ አለ። ከኋላቸው ደመናው ጥቁር ነው።

“ቀይዋ ናት?” ሃያትን ነው የጠየቁት።

“ቀይዋ ናት አባባ። እግሬን በአፏ ወጋችኝ።”

“እሷ እኔንም አትወድም።” አሰቡ። “እስቲ የሰይድን ቤት አንብቢ።”

ጫልቱ ገጹን ገለበጠች። “ቤት አንድ። የኛ ቤት። የሰው ብዛት፣ ስድስት። ዶሮ፣ የለም። ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ነጥብ፣ ሁለት ከአሥር። ማስታወሻ፣ አባዬ ቦዩን እጠርጋለሁ ካለ ቆየ፤ አልጠረገም።”

“ይህንንም ጻፍሽው?” የሚል የሰይድ ድምፅ ከውጭ መጣ።

“ያንተም በር ተቀብቷል?” አሉ አባባ ቶሎሳ።

“ተቀብቷል እንጂ አባባ። ወላሂ፣ በራሴ ቀለም። ጠዋት ሳየው እኮ ልገርፋት ነበር፤ እርስዎን ጣሪያ ላይ ሳይ ረሳሁት።”

ሽማግሌው በእጃቸው የያዙትን ሚስማር አዩት።

“እኔ በዕድሜዬ ብዙ መዝገብ አይቻለሁ” አሉ። “ዶሮ የከሰሰ መዝገብ ግን አላየሁም።”

ከዚያ ሰማዩን አዩ።

“እንግዲህ ምን ቆማችኋል? ቆርቆሮ አቀብሉኝ።”

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ መጀመሪያ የሚታየኝ ወሬውን ሰምቶ የተሰበሰበው የሃያት ቡድን ነው። አራቱም መሬት ላይ ተቀምጠው የተጣመመ ሚስማር በድንጋይ እየቀጠቀጡ ያቀናሉ። የቀናውን ጣሳው ውስጥ ይመልሳሉ። ሰይድ ጣሪያው ላይ ወጣ። እኔና ሁለት ጎረቤቶች ቆርቆሮ እናቀብላለን። አንደኛው ጎረቤት በሩ ላይ ኤክስ ተቀብቶበት ጠዋት የራሱን ጣሪያ መነካካት ጀምሮ የነበረ ነው፤ ምንም አልተናገረኝም፣ ቆርቆሮውን ሲያሲዘኝ ግን አየኝ። መዳፌን የቆርቆሮው ጠርዝ ቆረጠኝ፤ ያየሁት ግን በኋላ ነው። አባባ ቶሎሳ ከላይ ሆነው “እሱ አይደለም፣ ቀዳዳው የሚገጥመውን” ይላሉ። የእያንዳንዱን ቆርቆሮ ቦታ ያውቁታል።

ሦስት ቆርቆሮ ሲቀር ዝናቡ ወረደ። እንደ ዱሮው አንድ ሁለት ብሎ አልጀመረም፤ በአንድ ጊዜ ነው የተደፋው። ሰይድ ዘሎ ወርዶ የአይሱዙውን ሸራ ከጭነቱ ላይ ገፎ አመጣ። በቀረው ክፍተት ላይ አልብሰው በድንጋይና በገመድ አሰሩት። አባባ ቶሎሳ በመሰላሉ ሲወርዱ ካፖርታቸው ውኃ ያንጠባጥብ ነበር።

ሁላችንም ውስጥ ታጨቅን። ጫልቱ ላስቲኩን ገለጥ አድርጋ የሕፃኑን ጭንቅላት በመዳፏ ነካች። ደረቅ ነው። አልጋውም ደረቅ ነው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሰው አያነጋግርም፤ ያን ያህል የሚያምር ድምፅ ግን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀስኩ።

“አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?” አለችኝ ጫልቱ።

“ደስ ብሎኝ ነው።”

“አብሽሪ መምህርት” አለ ሰይድ። “አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ።”

ዝናቡ ሲያባራ አባባ ቶሎሳ በሩን ከፍተው ኤክሱን ጎንበስ ብለው አዩት።

“ይህን ማን ለካው?”

“ገምተን ነው አባባ” አለች ሃያት።

ቀና ብለው መዳፋቸውን በሩ ላይ አኖሩ። ደረታቸው ጋ ነው። “እዚህ ነው የደረሰው።”

“ዱሮ ነው?” አልኳቸው።

“ዱሮማ አይደለም። የዛሬ ሁለት ክረምት ነው።”

ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የቀረውን ሁሉ ነገሩን። እሳቸው ወጣት ሳሉ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ ነበር የሚዘንበው፤ ወንዙም ቀስ እያለ ይሞላል፤ ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። አሁን የወሩን ዝናብ በአንድ ከሰዓት ይጥለዋል። ከላይ ያለው መሬት ሁሉ ሲሚንቶ ስለሆነ የሚጠጣው የለም። የዛሬ ሁለት ክረምት እሳቸውና ጫልቱ ጠረጴዛ ላይ ቆመው ነው የተረፉት።

“ለልጆቹ ለምን አልነገሯቸውም?”

“መች ጠየቁኝ? ስም አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ብዛት አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ቀብተው ሮጡ።”

ሃያት እግሯን አየች። እኔም የኔን።

“ያ ድንጋይ ይታይሻል?” አሉኝ ወደ ወንዙ እያመለከቱ። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። “እሱ ሲሸፈን መውጣት ነው። ያን ጊዜ ተሸፍኖ አየሁት። ይጎድላል ብዬ ተቀመጥኩ። የኔ ጥፋት እሱ ነው።”

“ጻፊ” ልላት ወደ ሃያት ስዞር ደብተሩ ላይ አጎንብሳ እየጻፈች ነበር።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠብቄ፣ ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ ገባሁ። እሳቸው ገና መናገር ሲጀምሩ በሩ ተንኳኳና አባባ ቶሎሳ ካፖርታቸውን ለብሰው ገቡ። ርዕሰ መምህሩ ሊከሱ የመጡ መስሏቸው ከመቀመጫቸው ተነሱ።

“ሜዳው ላይ ያለውን ወንዝ አየሁት” አሉ አባባ ቶሎሳ። “የተሳለው ልክ አይደለም። ከድልድዩ በታች ወደ ግራ ነው የሚታጠፈው። ጠመኔ ካላችሁ ላስተካክለው።”

ደብዳቤው ሳይጻፍ ቀረ። ተግሳጹ ግን አልቀረልኝም፤ ይገባኝ ስለነበር ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ከልጆቹ ጋር በየተቀቡት ቤቶች ዞረን ይቅርታ ጠየቅን፤ የተቀባውንም በቤንዚን አጠብን። አባባ ቶሎሳ ግን የሳቸውን አላስነኩም። “ይቆይ” አሉ። “ከተቀባብኝ ቀይ ሁሉ ቤቴን ያላፈረሰው እሱ ብቻ ነው።” ከኤክሱ በላይ፣ ደረታቸው ጋ፣ ራሳቸው በሰማያዊ ቀለም አንድ መስመር አሰመሩ።

ጨዋታችን ዛሬም አለ፤ ደንቡ ግን ሌላ ነው። ሜዳው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጨምሯል። ቤት የሄደ ልጅ የቤቱ ባለቤት አውርቶ እስኪጨርስ ይቀመጣል፤ ብሩሹን የሚይዘው ባለቤቱ ነው፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ቀድሞ ለጨረሰ ምንም የለም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ በተለይ እንደኔ ጠመኔ የያዛችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ልጆቼ ሲነቁልኝ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ሜዳው ላይ በቆርኪ ቤት ስጫወት፣ ቆርኪው ውስጥ ሰው እንዳለ ረስቻለሁ። ከመጽሐፍ ሳነብላቸው የኖርኩት ምዕራፍ ሦስተኛው በር ላይ፣ በአንድ ሽማግሌ ደረት ልክ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ብቻ ነው የጠፋው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቁጣዬ ባይለቀኝም ችኮላዬ ግን ቀንሷል። ያን ዝናብ ሳስብ ዛሬም እፎይ እላለሁ፤ ሃያት ባትደውልልኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን እስከ መጨረሻው አላስበውም።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከቀን ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አሁን አውቀዋለሁ፤ የሰይድ ነው። ቶሎ አነሳሁት።

“ቲቸር፣ ሃያት ነኝ። ድንጋዩ ትናንት ከሰዓት በኋላ ተሸፈነ።”

“አባባ ቶሎሳስ?”

“አብረን ነን። ሰፈሩ በሙሉ ትምህርት ቤት ነን፤ ዘበኛው ከፍተውልን። ድንጋዩን አይተው በየቤቱ እያንኳኩ ያስወጡን እሳቸው ናቸው። ሕፃኑ ሰባተኛ ክፍል ዴስክ ላይ ተኝቷል። ዶሮዎቹም አሉ። ውኃው የሳቸው ኤክስ ጋ ደርሶ አሁን እየጎደለ ነው።”

ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ወጥተዋል። ሁሉም ደህና ናቸው።

“ቲቸር፣ ይሰማሉ? አባባ ቶሎሳ፣ ስንት ነጥብ አገኘሁ ብለሽ ጠይቂልኝ ብለዋል።”

“አሥር ከአሥር በያቸው።”

ነገረቻቸው። ከስልኩ ወዲያ ዶሮ ይንጫጫል፣ ሰው ያወራል። በዚያ መሐል የሽማግሌው ድምፅ ቀስ ብሎ ተሰማኝ።

“እንግዲያ ያቺ ዶሮ ያስቀነሰችብኝም ተመለሰልኝ።”